ትሕትና የለበሰ ፍርሃት

የጻፉትን ለሌላ ሰው ዐይን ማቅረብ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ጭንቀታቸውን ፍርሃት ብለው ሲጠሩት እምብዛም አይሰማም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ምክንያት ትሕትና ነው፤ ሊቃውንት በሞሉበት አገር አፍ መክፈት ድፍረት እንደሚሆን፣ ሥራው ገና ብዙ መታሸት እንደሚቀረው፣ ስምን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ማስፈር ራስን ለታይታ ማቅረብ እንደሆነ ይናገራሉ። ምክንያቱ እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ ከኋላው ረጅም ዕድሜ ያለው ትምህርት አለና። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በግብፅ በረሓ የኖረው ኤቫግሪዎስ መነኮሳትን የሚፈትኑትን ክፉ ሐሳቦች ስምንት አድርጎ ሲቆጥር ከትዕቢት ቀድሞ ያስቀመጠው ውዳሴ ከንቱን ነው፤ ውዳሴ ከንቱ ማለት በጎውን ሥራ ለሥራው ሲባል ሳይሆን ከሰው የሚገኘውን ባዶ ምስጋና በመሻት መሥራት ነው። ለዚህ ፈተና ደግሞ እንደ ጸሐፊ የተጋለጠ የለም። ሰው ማንም ሳያየው ሊጾምና ሊመጸውት ይችላል፤ ጽሑፍ ግን ፍጻሜው መነበብ ስለሆነ ከተመልካች ሊሸሽ አይችልም። እንግዲህ ጽሑፍን ደብቆ መያዝ በእርግጥ ትሕትና ነው ወይስ ትሕትናን የለበሰ ሌላ ነገር የሚለው ጥያቄ የጠባይ ወይም የልምድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው መልስ፣ ትሕትና የሚለካው ለመታረም ፈቃደኛ በመሆን ስለሆነ፣ ያልተነበበ ጽሑፍም ሊታረም ስለማይችል፣ መደበቅ በአብዛኛው ከትሕትና ይልቅ ለትዕቢት ይቀርባል የሚል ነው።

መሰወርን አጥብቀው ካስተማሩት መጻሕፍት መካከል በኢትዮጵያ ገዳማት መጻሕፍተ መነኮሳት በሚል የጋራ ስም የሚታወቁት ሦስቱ፣ ማለትም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። መነኩሴ በጎ ሥራውን ከሰው ዐይን እንዲሰውር፣ ምስጋናን እንደ እሳት እንዲሸሽ ደጋግመው ይመክራሉ። ሆኖም ሦስቱም መጻሕፍት ናቸው፤ ተጽፈዋል፣ ተቀድተዋል፣ ከሱርስት ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ ተመልሰዋል። በተለይ የማር ይስሐቅ ሕይወት ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ምስክር ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ሹመቱን በጥቂት ወራት ውስጥ ትቶ ወደ ብሕትውና ተመለሰ። መንበሩን የሸሸው ይህ ሰው ብዕሩን ግን አልሸሸም። ሹመት ለራስ የሚቀር ክብር ስለሚያመጣ ሊጣል ይችላል፤ ለሌላው መንገደኛ የሚጠቅመውን የራስን ልምድ አፍኖ መያዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን አልመዘናቸውም።

ውዳሴ ከንቱን ከማንም ይልቅ በራሱ ነፍስ ውስጥ የመረመረው፣ በዛሬዋ አልጄሪያ በምትገኘው በሂፖ ከተማ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ነው። ከ397 እስከ 400 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት አካባቢ በጻፈው «ኑዛዜ» 10ኛ መጽሐፍ ውስጥ የምስጋና ፍቅር እስከ ምን ድረስ እንደሚያሰቃየው ይገልጻል፤ ከገንዘብና ከሥጋ ፈቃድ ራስን መለየት ስለሚቻል ምን ያህል እንደ ተላቀቁ መፈተን ይቻላል፤ ከምስጋና ግን መልካም ሥራን ካልተዉ በስተቀር መራቅ አይቻልም፣ መልካም ሥራን መተው ደግሞ እብደት ነው ይላል። ከዚያም አንድ እርምጃ ጠልቆ፣ ሰው ውዳሴ ከንቱን መናቁን ራሱን መመኪያ ሊያደርገው እንደሚችል ያመለክታል። ይህ ማስተዋል ለተደበቀው ጽሑፍ በትክክል ይሠራል። መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ድርሰት ተነቅፎ አያውቅም፤ ስላልተነቀፈም በደራሲው ሐሳብ ውስጥ ሊሆን ይችል የነበረውን ያህል ታላቅ ሆኖ ይኖራል። ታትሞ ቢወጣ ከብዙ መጻሕፍት መካከል አንዱ፣ ምናልባትም መካከለኛው፣ ሊሆን የሚችለው ሥራ፣ ሳይታተም በቆየ ቁጥር ወደር የሌለው ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰው ምስጋናን አልሸሸም፤ ምስጋናውን ማንም ሊቀንስበት ከማይችል አንድ አመስጋኝ፣ ከራሱ፣ ይቀበላል።

በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ የሚገኘው የመክሊት ምሳሌ ብዙ ጊዜ ስለ ስንፍና እንደ ተነገረ ተደርጎ ይሰበካል፤ ጌታውም በእርግጥ አገልጋዩን ሰነፍ ይለዋል። ነገር ግን አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ራሱ የሚሰጠው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ፈርቶ ሄዶ ገንዘቡን በምድር ቀበረ። የቀበረው ነገር ትንሽ አልነበረም፤ መክሊት የሚባለው የብር መለኪያ 6000 ዲናር ያህል የሚያወጣ ሲሆን አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበረ። አገልጋዩ አልሰረቀም፣ አላባከነም፣ የተቀበለውን ሳይጐድል መልሷል፤ ስለዚህ ራሱን እንደ ታማኝ መቁጠሩ አያስገርምም። ፍርሃቱ ከየት እንደ መጣም አልደበቀም፤ ጌታውን ካልዘራበት የሚያጭድ፣ ካልበተነበት የሚሰበስብ ጨካኝ ሰው አድርጎ ሥሎታል። ከሁለቱ ባልንጀሮቹ የለየው ይህ ሥዕል ነው፤ እነርሱ ያንኑ ጌታ እያገለገሉ ወጥተው ነገዱ። የጽሑፍ ፍርሃትም እንዲሁ በአብዛኛው የሚወለደው ደራሲው በሐሳቡ ከሣለው አንባቢ ነው፤ ይህ አንባቢ ምንም ሳያደክመው ፍጹም ነገር የሚጠይቅ፣ አንድ ስሕተት ሲያገኝ መጽሐፉን ሁሉ የሚጥል፣ ከመጽሐፉም አልፎ የጻፈውን ሰው የሚንቅ ዳኛ ነው። በዕውን ያለው አንባቢ ግን ብዙውን ጊዜ ደክሞት ከሥራ የተመለሰ፣ የሚጠቅመውን ለማግኘት ተስፋ አድርጎ መጽሐፍ የገለጠ ሰው ነው። የምሳሌው ፍርድ ሌላም ነገር ይዟል። ጌታው ይህን አገልጋይ ባልንጀሮቹ ያደረጉትን ያህል ባለማድረጉ አልወቀሰውም፤ ቢያንስ ለገንዘብ ለዋጮች ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ከነወለዱ በተመለሰ ነበር አለው እንጂ። ገበያ ወጥቶ መነገድ ላቃተው የተተወ ትንሽ መንገድ ነበረ ማለት ነው፤ አንድ የታመነ ወዳጅ እንዲያነበው መስጠት፣ በትንሽ ጉባኤ ማሰማት ከዚያ ወገን ይቆጠራል።

ፍርሃት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት እንዳልሆነ መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ክርክሩ ያለ ጥንቃቄ መጻፍን እንደ መስበክ ሊወሰድ ይችላል። አሪስቶትል በኒቆማኮስ ስም በሚጠራው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ስሙ እንዳይጐድፍ የሚፈራ ሰው ጨዋ እንደሆነ፣ ይህን የማይፈራው ደግሞ እፍረተ ቢስ እንደሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ ደራሲ ያልተጣራ ወሬ ጽፎ ሰው እንዳይበድል፣ የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ እንዳያስት መፍራቱ የክፋት ሳይሆን የጨዋነት ምልክት ነው። ግን ያው ፈላስፋ በዚያው መጽሐፍ የመንፈስ ትንሽነት ስለሚባል ጉድለት ያስተምራል፤ ይኸውም ለመልካም ነገር የሚበቃ ሰው ራሱን እንደማይበቃ ቈጥሮ ከመልካም ሥራ ወደ ኋላ ሲል የሚታይበት ጉድለት ነው። አሪስቶትል ይህን ጉድለት ከትምክህት ይልቅ የተለመደና የከፋ አድርጎ ማየቱ ትሕትናን ሁልጊዜ ራስን ከማሳነስ ጋር አንድ አድርጎ ለሚያይ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ቢሆንም ሊታለፍ የማይገባው ማስጠንቀቂያ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ፍርሃት ደግሞ በእውነተኛ አደጋ ላይ የተመሠረተው ነው። ጋሊሌዎ በ1633 እ.ኤ.አ. በሮም ሲፈረድበት ፈላስፋው ዴካርት ስለ ዓለም አሠራር ያዘጋጀውን መጽሐፍ ከማተም ታቀበ፤ መጽሐፉም የወጣው ደራሲው ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ በ1664 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያም የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲውም ከሥራው ተሰናብቶ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ሲቀር፣ የጽሑፍ ፍርሃት የነርቭ ድካም ብቻ እንዳልሆነ አንድ ትውልድ በዐይኑ አይቷል። እንዲህ ባለ ዘመን ዝም ያለውን ሰው ፈሪ ብሎ መፍረድ ከሩቅ ለሚቀመጥ ሰው ቀላል ነው፤ ተገቢ ግን አይደለም። አሳዛኙ ነገር፣ ማንም የማያስፈራራቸው ብዙ ጸሐፊዎች በእነዚያ ሰዎች ፍርሃት ጥላ ሥር ተጠልለው የራሳቸውን ያነሰ ፍርሃት ማክበራቸው ነው።

አደጋውና የልብ ፍርሃቱ በአንድነት የሚታዩበት ታሪክ በትንቢተ ኤርምያስ 36ኛና 45ኛ ምዕራፍ ይገኛል። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮአቄም በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ በ605 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አካባቢ ማለት ነው፣ ኤርምያስ ቃሉን ከአፉ እየነገረው ጸሐፊው ባሮክ በቀለም በመጽሐፍ ክርታስ ላይ ጻፈ፤ ኤርምያስ ወደ መቅደስ እንዳይገባ ተከልክሎ ስለነበረም በጾም ቀን በሕዝቡ ፊት ያነበበው ባሮክ ራሱ ነው። መኳንንቱ ከሰሙት በኋላ እንዲሸሸጉ መከሯቸው፤ ክርታሱ ወደ ንጉሡ ቀረበ። ወሩ የክረምት ነበርና ንጉሡ በክረምት ቤቱ፣ እሳት በሚነድበት ምድጃ ፊት ተቀምጦ ነበር። ይሁዲ የተባለው ባለሟል ሦስት ወይም አራት ዓምድ ባነበበ ቁጥር ንጉሡ በጸሐፊ ቢላዋ፣ ብርዕ በሚቀረጽበት በዚያው መሣሪያ፣ እየቀደደ ወደ ምድጃው ይጥል ነበር። ክርታሱ እስኪያልቅ እንዲህ ቀጠለ፤ ሦስት መኳንንት እንዳያቃጥለው ለመኑት፣ አልሰማቸውም።

ጸሐፊ የሚፈራው ነገር ሁሉ በዚህ አንድ ትዕይንት ተፈጽሟል፤ ጽሑፉ እስከ መጨረሻው እንኳ በወጉ ሳይሰማ ተናቀ፣ የናቀውም የአገሩ ታላቅ ሰው ነው፣ የናቀበትም መሣሪያ የጸሐፊው የራሱ ዕቃ ነው። ከዚህ በኋላ የሆነው ግን በአጭሩ የተነገረ ስለሆነ ብዙ አንባቢ ያልፈዋል። ባሮክ ሌላ ክርታስ ወሰደ፤ ኤርምያስ እንደገና ነገረው፤ የተቃጠለው ሁሉ ተጻፈ፣ ብዙ ተመሳሳይ ቃልም ተጨመረበት። የንጉሡ ምድጃ ውጤት የበለጠ ትልቅ መጽሐፍ ሆነ።

ባሮክ ግን ከድንጋይ የተሠራ ሰው አልነበረም። 45ኛው ምዕራፍ የዚያኑ ዓመት የልብ ድካሙን ይነግራል፤ በኀዘኑ ላይ ኀዘን እንደተጨመረበት፣ ዕረፍት እንዳጣ ያማርራል። ከእግዚአብሔር የመጣለት መልስ ሥራህ ይወደዳል፣ ስምህ ይገናል የሚል ማጽናኛ አልያዘም፤ ለራሱ ታላቅ ነገር እንዳይፈልግ ተነገረው፣ በሄደበት ሁሉ ነፍሱ እንደምትተርፍለት ብቻ ተስፋ ተሰጠው። ይህ መልስ በመጀመሪያ ሲሰማ ጨካኝ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ፍርሃትን ከሥሩ የሚነቅል ነው። ጽሑፉን የሚያስፈራ የሚያደርገው ደራሲው ለራሱ ሊያተርፍበት ያሰበው ታላቅ ነገር ነው፤ ያ ሐሳብ ሲነሣ ክርታሱ ይቃጠልም ይነበብም የሰውዬው ነፍስ አብራው አትቃጠልም። ዛሬ ለጸሐፊዎች የሚሰጠው ማበረታቻ በአብዛኛው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ትልቅ ስም ተስፋ በመስጠት ፍርሃቱን ለማሸነፍ ይሞክራል፣ በዚሁም የፍርሃቱን ምግብ ይጨምራል።

ባሮክ በአንድ ጊዜ የደረሰበትን ፈተና በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚያለማምድ ሥርዓት በኢትዮጵያ የቅኔ ጉባኤ ቤት ውስጥ ይገኛል። ቅኔ በግእዝ የሚደረስ፣ ሰም የሚባል የላይ ትርጓሜና ወርቅ የሚባል የተሰወረ ትርጓሜ ያለው ድርሰት ነው። ጀማሪው ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ሲሆን ቀስ በቀስ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ ኋላም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ቀኑን ከዛፍ ሥር ወይም ከጥግ ተጠግቶ፣ ብዙ ጊዜም ተከናንቦ፣ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ቆጠራ ማለት ቃሉን ከዜማው ልክ፣ ሰሙን ከወርቁ እያስማሙ በልብ መድረስ ነው። ከዚያ ነገራ ይመጣል፤ ተማሪው ከየኔታ ወይም የየኔታ ረዳት ከሆነው አስነጋሪ ፊት ቀርቦ፣ ባልንጀሮቹ እየሰሙ፣ የቆጠረውን በቃሉ ይናገራል። እርማቱ በዚያው ይወርዳል፤ እርባታው የተሳሳተ ግስ፣ ልኩ የጐደለ ቤት፣ ወርቁን ያላገኘ ሰም እዚያው ይጋለጣል፤ ተማሪውም የታረመውን ይዞ ተመልሶ ሌላ ይቆጥራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያልተሟላ ሥራ ማቅረብ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይቆጥሩ መምጣት ነው። ከሁለት ቤት በላይ የማይጠየቀው ጀማሪ የመወድስ ሸክም አይጫንበትም፤ ታላቁ ሊቅም አንድ ቀን በዚያችው በሁለት ቤት ላይ ሲታረም መስማታቸውን ባልንጀሮቹ ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ እርማት የመናቅ ምልክት መሆኑ ይቀራል። ባለ ቅኔው አድጎ በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በሊቃውንት መካከል ቅኔውን ሲያቀርብ ያማረለት እንደሆነ «ይበል» ይባልለታል፤ የዚያን ቀን ቅኔ ግን ደግሞ ለሌላ በዓል ማምጣት አይገባም፣ አዲስ ይጠበቅበታል። ይህ ሕግ በፍጹምነት ፍርሃት ለታሰረ ጸሐፊ ብዙ ትምህርት አለው፤ የአንድ ቀን ሥራ የሰውዬው የመጨረሻ ቃል ተደርጎ አይታይም፣ ሌላ በዓል ይመጣልና። ቅኔው ከሁሉ በፊት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ምስጋና መሆኑም የ«ይበል»ን ጣዕም ባያጠፋውም ልኩን ያሳውቀዋል። የጽሑፍ ባህሉን ለማሳደግ የሚደክሙ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ከዚህ ቤት ያልተማሩት ብዙ ነገር አለ፤ ተማሪ ጽሑፉን በጽሞና አስረክቦ ነጥብ ብቻ የሚቀበልበት ልማድ የነገራን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

በመጨረሻ የሚቀረው የፕላቶ ተቃውሞ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ብርቱው እርሱ ነው። በ«ፋይድሮስ» ውስጥ ሶቅራጥስ እንደሚያስረዳው፣ የተጻፈ ቃል እንደ ተሣለ ሥዕል ሕያው ይመስላል፣ ሲጠይቁት ግን ዝም ይላል፤ ከሚገባውም ከማይገባውም እጅ ይገባል፣ ሲበደል ራሱን መከላከል ስለማይችል የአባቱን ረዳትነት ይሻል። ብዙ ፈሪ ጸሐፊዎች ይህን ሳያነቡት ይስማሙበታል፤ የሚፈሩት ቃላቸው እነርሱ በሌሉበት በክፉ እንዳይተረጐም ነው። ነገር ግን ፍርሃቱ የሚመርጠው መድኃኒት በሽታውን ያባብሳል። ፈላስፋው ስፒኖዛ «ሥነ ምግባር»ን ለማሳተም በ1675 እ.ኤ.አ. ወደ አምስተርዳም ሄዶ በተነሣበት ወሬ ምክንያት ተወው፤ በ1677 እ.ኤ.አ. ሲሞት ወዳጆቹ በዚያው ዓመት ከስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ጋር ብቻ አሳተሙት። ኢትዮጵያዊው ጸሐፊ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በፍርሃት ሳይሆን በአጭር ዕድሜ ምክንያት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በ1916 ዓ.ም. ሲወጣ በሕይወት አልነበሩም። ሁለቱም መጻሕፍት ያለ አባት ወደ ዓለም ገቡ፤ ለተነሣባቸው ጥያቄ የሚመልስ፣ የተጣመመውን የሚያቃና ደራሲ አልነበራቸውም። ስፒኖዛ ፈቅዶት አልነበረም፤ ዘመኑ አስገድዶታል። ሳይገደድ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚደብቅ ሰው ግን ፕላቶ የፈራውን የጽሑፍ ወላጅ አልባነት በገዛ እጁ ያመጣዋል፤ ቃሉን ሊረዳ የሚችለው በሕይወት ሳለ ካሳተመው ብቻ ነውና።

አውግስጢኖስ ይህን በመከራ ተማረ። «ስለ ሥላሴ» የሚለውን መጽሐፍ በ5ኛው መቶ ዓመት መባቻ አካባቢ ሲጀምር፣ የክርክሩ ክፍሎች አንዱ በሌላው ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ሁሉንም በአንድነት ሊያወጣ ፈልጎ ነበር። ትዕግሥት ያጡ ሰዎች ግን ሥራው ሳያልቅ የተጻፈውን ወስደው አሰራጩት፤ እርሱም አዝኖ መጽሐፉን ለብዙ ጊዜ ተወው። በወንድሞች ልመናና በቅርጣግናው ሊቀ ጳጳስ በአውሬልዮስ ግፊት ተመልሶ 15ቱን መጻሕፍት ሲጨርስም የወጣውን እንደ ፈለገ ሊያርመው አልቻለም፤ በሰው እጅ ካለው ቅጂ እጅግ እንዳይለይ እየተጠነቀቀ በተቻለው መጠን ብቻ አቀናው። በወጣትነት ጀምሮ በሽምግልና እንዳወጣው ለአውሬልዮስ በላከው ደብዳቤ ሲገልጽ ለፍጹምነት የተከፈለውን ዋጋ በግልጽ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር በጥንቱ ዓለም አቻ የለውም። በ426 እና በ427 እ.ኤ.አ.፣ 70 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ የጻፋቸውን ሥራዎች በጻፋቸው ቅደም ተከተል እያነሣ «ክለሳዎች» የተባለ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በ232 መጻሕፍት የተከፈሉ 93 ሥራዎችን አንድ በአንድ መረመረ። አንዳንዱን ቃል ይሽራል፣ አንዳንዱን በተሻለ ያስረዳል፣ አንዳንዱን ያለ አግባብ ከተነቀፈበት ይከላከላል፤ አንባቢ በጻፈው ቅደም ተከተል ቢያነበው እየጻፈ እንዴት እንዳደገ ሊያይ እንደሚችልም በመግቢያው ያመለክታል። ፕላቶ ጽሑፍ ያጣዋል ያለውን አባት ራሱ ሆኖ ወደ መጻሕፍቱ ተመለሰ፤ ሊመለስ የቻለውም ቀድሞ ከነጉድለታቸው ስላወጣቸው ነው። ደብዳቤዎቹንና ስብከቶቹንም እንዲሁ ሊመረምር አስቦ ሳለ በ430 እ.ኤ.አ.፣ ቫንዳሎች ሂፖን በከበቡበት ወራት አረፈ። ዛሬ የአውግስጢኖስን ስሕተት የሚፈልግ አንባቢ ወደ ተቃዋሚዎቹ መጻሕፍት ከመሄዱ በፊት፣ ብዙውን በባለቤቱ እጅ ተለቅሞ፣ ከነምክንያቱ ተጽፎ ያገኘዋል።